ኦሞ ላይ ለሚሠራ ጀልባ የትኛው መድን ይበጃል?

ኦሞራቴ ላይ አንድ የሞተር ጀልባ ሦስት ሥራ ሊሠራ ይችላል። ማለዳ መረብ ጥሎ ዓሣ ያወጣል። ቀን ላይ ሰውና እህል ከወንዙ ዳር ወደ ዳር ያሻግራል። ጎብኚ የመጣ እንደሆነ ደግሞ ማዶ ያሉትን የዳሰነች መንደሮች ማየት የሚሻውን እንግዳ ወይም መንጠቆውን ይዞ ዓሣ ለማጥመድ የመጣውን ሰው አሳፍሮ ይጓዛል። ባለቤቱ ያለው አንድ ጀልባ ነው፤ በመድን ሰጪው መዝገብ ግን ሦስቱ ሥራዎች ሦስት የተለያዩ አደጋዎች ናቸው። ለዓሣ ማጥመጃ ተብሎ መድን የተገባለት ጀልባ እንግዳ እንደጫነ ቢገለበጥ፣ ባለቤቱ በእጁ የያዘው ወረቀት ምንም ላይፈይድለት ይችላል።

ጉዳዩን አሁን ማንሳት ያስፈለገው ያለ ምክንያት አይደለም። በደቡብ ኦሞ ዞን ታችኛው ክፍል፣ በተለይም በዳሰነች ወረዳ፣ ከብቱን በድርቅ ወይም በጎርፍ ያጣው አርብቶ አደር ፊቱን ወደ ውኃው ማዞር ከጀመረ ቆይቷል። የቱርካና ሐይቅ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ እየሰፋ መጥቶ በኦሞ ደለል ላይ የነበረውን ግጦሽና የእርሻ መሬት ውጧል፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። ሳሩ ወደነበረበት ዓሣ መጣ። ቆሮሶ፣ ናይል ፐርችና አምባዛ ገበያ አላቸው። በማኅበር ተደራጅተው፣ ተበድረው ወይም በድጋፍ ጀልባ፣ ሞተርና መረብ የያዙ ወጣቶች አሉ። ከብቱ በአንድ ሌሊት ያልቅ የነበረው ሰው አሁን ሀብቱን በአንድ ማዕበል ሊያጣ የሚችልበት ሥራ ውስጥ ገብቷል። በዚያ ላይ ዕዳ አለበት፤ ከብት ሲሞት ዕዳ አያስቀርም ነበር።

በአርብቶ አደሩ አካባቢ መድን ሲነሳ ቶሎ የሚታሰበው የከብት መድን ነው። በጎረቤታችን ቦረና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያ ኢንሹራንስ አማካይነት ሲሠራበት የቆየው ይህ መድን በሳተላይት የሚታየውን የግጦሽ ልምላሜ ይለካል። ልምላሜው ከተወሰነው መጠን ሲያንስ ካሳ ይከፈላል፤ የሞተ ከብት የሚቆጥር፣ ቆዳ የሚያይ ሰው አይላክም። ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። ጉዳቱም የታወቀ ነው፤ ሳተላይቱ ሣር አለ ባለበት ዓመት የአንዱ ሰው ከብት ቢያልቅ ካሳ የለም። የጀልባ መድን አሠራር ከዚህ ፈጽሞ ይለያል። እዚህ ላይ ጉዳቱ ይመረመራል፣ ይገመታል፣ ማስረጃ ይጠየቅበታል። በከብት መድን የለመደ ሰው በጀልባም «ጎርፍ መጣ፣ ክፈሉኝ» ብሎ ቢቀርብ የሚመለሰው ባዶ እጁን ነው።

በሀገራችን የመድን ኩባንያዎች «የባሕር መድን» ሲሉ በአብዛኛው የሚናገሩት በጅቡቲ በኩል ስለሚገባ ጭነት ነው። በሐይቅና በወንዝ ላይ ለሚሠራ ትንሽ ጀልባ የተዘጋጀ፣ ዋጋው አስቀድሞ የታወቀ መድን እንደ መኪናው በየመንገዱ አይገኝም። ተጠይቆ፣ ተመርምሮ፣ ዋጋ ተሰጥቶ የሚገባ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ሄዶ ከሚጠይቅ ማኅበሩ ሃያና ሠላሳ ጀልባ ይዞ ቢጠይቅ የተሻለ መልስ ያገኛል። ይህን ካልን በኋላ ዋናውን ጥያቄ እናንሳ፤ አቅም ውስን በሆነበት ቦታ ቅድሚያ የሚገባው የትኛው ነው?

ከጀልባው በፊት ሰዎቹ

ብዙዎች መድን ሲታሰብ ቀድመው የሚጠሩት ጀልባውንና ሞተሩን ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አስተያየት ከዚህ የተለየ ነው። በኦሞና በቱርካና ላይ ለሚሠራ አነስተኛ ጀልባ የመጀመሪያው ብር መውጣት ያለበት ለሰው ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ሐይቁ ላይ ከደቡብ ምሥራቅ የሚነሳው ነፋስ ብርቱ ነው፤ ወንዙ ውስጥ አዞና ጉማሬ አለ፤ ከጀልባ የወደቀ ሰው የሚደርስለት ነፍስ አድን ቡድን በቅርብ የለም። ጀልባ በሁለትና በሦስት ዓመት ይተካል። አባወራው የሞተበት ቤት ግን መልሶ የሚቆመው በምን ገንዘብ ነው?

ለዚህ የሚያገለግለው የቡድን የአደጋ መድን የሚባለው ነው። ማኅበሩ የአባላቱን ስም ዝርዝር ይሰጣል፤ በሥራ ላይ እያለ የሞተ ወይም አካሉ የጎደለ ሰው አስቀድሞ የተወሰነ ገንዘብ ለራሱ ወይም ለወራሹ ይከፈላል። ጀልባው ስንት ያወጣ ነበር፣ ሞተሩ አሮጌ ነው ወይስ አዲስ የሚል ክርክር የለበትም። ከመድን ዓይነቶች ሁሉ ለመረዳትም ለማስፈጸምም የቀለለው ይህ ነው። የአባላቱ ዝርዝር በየጊዜው መታደስ እንዳለበት ግን አይዘነጋ። ዝርዝሩ በኅዳር ተሞልቶ በግንቦት የገባው ወጣት ስሙ ከሌለበት ቤተሰቡ ምንም አያገኝም።

ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ያለው ባለ ጀልባ ደግሞ ሌላ ግዴታ አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው በሥራ ላይ ጉዳት ደርሶበት ለዘለቄታው መሥራት ባይችል የሚሰላው ካሳ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ ነው። ለቀን ሠራተኛ ብሎ ያሰበ ባለቤት ይህን ከኪሱ ይወጣው ቢባል ጀልባውን ሸጦም አይወጣው ይሆናል። በሌላ በኩል በኦሞ ላይ ብዙ ጊዜ ደመወዝ የለም፤ የተያዘው ዓሣ ለጀልባው፣ ለመረቡና ለቀዛፊው እየተባለ ይከፋፈላል። በድርሻ የሚሠራ ሰው ሠራተኛ ነው ወይስ ሸሪክ የሚለው ጉዳይ ሲሞት ነው የሚያከራክረው። ለዚህም ነው ድርሻተኛውን በቡድኑ የአደጋ መድን ውስጥ በስሙ ማስገባት ከክርክሩ የሚያድነው።

ዕዳውን የሚሸፍነው ለማን ነው?

ጀልባና ሞተር የሚገዛው አብዛኛውን ጊዜ በብድር ነው። አበዳሪ ተቋማት ተበዳሪው ሲሞት ቀሪ ዕዳው የሚሰረዝበትን የብድር ሕይወት መድን ከብድሩ ጋር አያይዘው ያስከፍላሉ። ተበዳሪው ብዙ ጊዜ ይህን አያውቀውም፤ «የአገልግሎት ክፍያ» መስሎት ያልፈዋል። ቤተሰቡም ስለማያውቅ ሟቹ ከተቀበረ በኋላ ዕዳ መክፈሉን ይቀጥላል። የብድር ውል ሲፈረም ይህ መድን አለ ወይስ የለም ብሎ መጠየቅና ወረቀቱን ለሚስት ወይም ለወንድም ማሳየት ምንም አያስከፍልም።

አበዳሪው ጀልባው ራሱ መድን ይግባ ብሎ ሲያዝም ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በእንዲህ ያለው ውል ላይ ካሳው ቀድሞ የሚከፈለው ለአበዳሪው ነው። ጀልባው ቢሰጥም ብድሩ ይዘጋል፤ ለባለቤቱ የሚደርሰው ትራፊ ነው፤ ትራፊ ካለ። ይህ መጥፎ ነገር አይደለም፤ ከዕዳ ነፃ መሆንም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን «ጀልባዬ መድን አለው፣ ቢሰጥም ሌላ እገዛለሁ» ብሎ ተማምኖ የተቀመጠ ሰው ተስፋውን በተሳሳተ ቦታ አድርጓል።

እንግዳ ሲጫን

ወደ መጀመሪያው ጉዳይ እንመለስ። በመኪና አደጋ ለተጎዳ ሦስተኛ ወገን በ2005 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 799 መሠረት መድን መግባት ግዴታ ነው። ይህ አዋጅ ግን የሚመለከተው በመንገድ ላይ የሚሄደውን ተሽከርካሪ ነው። በጀልባ የተሳፈረ ሰው ቢሰጥም በዚያ አዋጅ የሚከፈለው ካሳ የለም። በጫሞና በአባያ ሐይቆች ላይ ጀልባ ተገልብጦ ሰው ያለቀበትን ዜና አንባቢያችን አይዘነጋውም። እንዲህ ባለው ጊዜ የሟች ቤተሰብ የሚጠይቀው ባለ ጀልባውን ነው፤ ባለ ጀልባው ራሱ ካልሰጠመ።

እንግዳ የሚጭን፣ ለዓሣ ማጥመጃ ጉዞ ጀልባ የሚያከራይ ወይም ሰው የሚያሻግር ስለዚህ የኃላፊነት መድን ያስፈልገዋል። ይህ መድን ጀልባውን አይጠግንም፤ ተሳፋሪው ወይም ሌላ ሰው ለደረሰበት ጉዳት ባለቤቱ እንዲከፍል የሚገደደውን ገንዘብ በውሉ ላይ እስከተጻፈው ጣሪያ ድረስ ይከፍላል። በመርከቡ ዓለም ይህ ሐሳብ የቆየ ነው። የእንግሊዝ መርከበኞች የመርከቡን አካል ለብቻ፣ በሌላው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለብቻ እያደረጉ መድን መግባት የጀመሩት ጥንት ነው፤ ለኃላፊነት ብቻ የቆመው የመጀመሪያው የባለ መርከቦች የጋራ ማኅበር የተመሠረተው በ1855 እ.ኤ.አ. ነበር። ዛሬም ጎብኚን ለዓሣ ማጥመድ የሚያወጣ ባለ ጀልባ የጀልባውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን በአንድ ተሳፋሪ እስከ ስንት ብር ተጠያቂ እንደሚሆንም ሊጠየቅ ይችላል። ከአዲስ አበባ እንግዳ የሚያመጡ የጉዞ ወኪሎችም ይህን ወረቀት ማየት ቢፈልጉ አያስገርምም።

እዚህ ላይ በሕግ የታሰረ አንድ ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍል በ2013 ዓ.ም. በወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አልተተካም፤ ዛሬም የሚሠራበት ነው። በዚህ ሕግ መሠረት መድን ገቢው ስለ አደጋው የሚያውቀውን ሁሉ በእውነት የመግለጽ ግዴታ አለበት። ሆን ብሎ የደበቀ ሰው ውሉ ይፈርስበታል። ጀልባው ሰው እንደሚያሻግር፣ እንግዳ እንደሚጭን፣ ሌሊት እንደሚወጣ እያወቀ «ለዓሣ ማጥመጃ ብቻ» ብሎ የሞላ ሰው አረቦኑን በጥቂት ብር ቀንሶ መድኑን በሙሉ አጥቷል ማለት ነው። ቅጹን የሚሞላው የማኅበሩ ጸሐፊ ወይም ወኪሉ ቢሆንም ፊርማው የባለቤቱ ነው። ማንበብ የማይችል ሰው ከመፈረሙ በፊት በሚያውቀው ቋንቋ ይነበብለት፤ በዳሰነችኛም በኛንጋቶምኛም።

ሞተሩና አካሉ

አሁን ወደ ጀልባው ራሱ። ከግንድ የተጠረበ ታንኳ ላለው ሰው የአካል መድን አይመከርም። ደረሰኝ የለውም፣ ዋጋው አይታወቅም፣ ካሳ ለማግኘት የሚወጣው የመንገድና የቀን ወጪ ከታንኳው ዋጋ ይበልጣል። ለእሱ የሚበጀው ቀደም ብለን ያልነው የሰው መድን ነው። ፋይበር ወይም ብረት የሆነና ሞተር የተገጠመለት ጀልባ ግን ሌላ ነው። ሞተሩ ብዙ ጊዜ ከቀሪው የጀልባው አካል ይበልጥ ዋጋ አለው፤ በሌሊት ተፈትቶ ሊሰረቅም ይችላል። ስለዚህ ውሉ ሞተሩን በስምና በቁጥር ለይቶ መጥቀሱን፣ ስርቆትንም መሸፈኑን ማየት ግድ ነው።

ዋጋ አሳንሶ ማስመዝገብ የተለመደ ስህተት ነው። በንግድ ሕጉ መሠረት ካሳ ትርፍ ማግኛ አይደለም፤ ንብረቱ ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ካለው ዋጋ አይበልጥም። ከዋጋው በታች የተመዘገበ ንብረት ደግሞ ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል። 400 ሺህ ብር የሚያወጣ ጀልባ በ200 ሺህ ተመዝግቧል እንበል። የ100 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስበት ውሉ ሌላ ካላለ የሚከፈለው 50 ሺህ ብር ነው። ግማሹን ባለቤቱ ራሱ እንደሸፈነው ይቆጠራል። በዚህ ላይ ውሉ ከእያንዳንዱ ጉዳት መድን ገቢው የሚሸፍነውን መጠን ካስቀመጠ ያም ይነሳል። መረብን በተመለከተ ለመድን አይመችም፤ በየወሩ ይቀደዳል፣ ይጠፋል፣ ይሰረቃል። ማኅበሩ በየገበያው ጥቂት ብር እያስቀመጠ ራሱ ይተካው።

ውሉን የሚያነብ ሰው ዓይኑን የማይሸፈኑ ጉዳቶች የተዘረዘሩበት ገጽ ላይ ቢያሳርፍ ይሻላል። ሦስት ነገሮች ለእኛ አካባቢ ወሳኝ ናቸው። አንደኛው ወሰን ነው። የቱርካና ሐይቅ አብዛኛው ክፍል የኬንያ ነው፤ ውኃ ላይ አጥር የለም፤ ዓሣው በሚሸሽበት የሚከተል አጥማጅ ሳያውቀው ይሻገራል። ውሉ «በኢትዮጵያ ግዛት ውስጥ» ካለ ማዶ የደረሰ ጉዳት አይከፈልም። ሁለተኛው ግጭት ነው። በሐይቁ ላይ በሁለቱ ሀገር አጥማጆች መካከል መረብና ሕይወት የጠፋባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ጦርነትና ሁከት ግን በተለመደው የመድን ውል አይሸፈኑም። ለዚህ መድኃኒቱ የመድን ኩባንያ ሳይሆን የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎችና የወረዳው ጸጥታ አካል ናቸው። ሦስተኛው ጎርፍ ነው፤ ይህ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል።

ጎርፍ ለምን ይከብዳል

በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ሞልቶ ዳሰነች ላይ ከ360 በላይ ሰው አልቋል። ያ ጊዜ የጊቤ ሦስት ግድብ ገና ያልተጠናቀቀበት ነበር። ከዚያ ወዲህም ጎርፉ አልቀረም፤ ሐይቁ ወደ ሰሜን ሲሰፋ ደግሞ ከታች በኩል የሚመጣ ውኃ ተጨምሯል። ዝናቡ የሚዘንበው እኛ ዘንድ አይደለም፤ ከላይ በጊቤና በጎጀብ ተፋሰስ የጣለው ነው ታች የሚደርሰው። ኦሞራቴ ላይ ሰማዩ ጠርቶ እያለ ውኃው ሊመጣ ይችላል።

መድን የሚሠራው ብዙዎች ከፍለው ጥቂቶች ሲጎዱ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ግን ዳር ላይ የታሰረው ጀልባ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይሄዳል። ኩባንያው ይህን ስለሚያውቅ ወይ ጎርፍን ከውሉ ያወጣዋል፣ ወይ አረቦኑን ያከብደዋል። በዚሁ ምክንያት አንዳንድ ባለሙያዎች የሚያነሱት «ማኅበራት የራሳቸውን የጀልባ እድር ያቋቁሙ» የሚለው ሐሳብ ግማሹ ብቻ ትክክል ነው። እድር ለቀዳዳ መረብ፣ ለተሰበረ ሞተር፣ ለአንድ ሰው ሐዘን ይበቃል። የእድሩ አባላት ሁሉ በአንድ ቀን ሲጎዱ ግን ካዝናው ባዶ ነው። የእድርን ገንዘብ ለጎርፍ ማሰብ ቀብርን ከወረርሽኝ ጋር ማምታታት ነው።

መፍትሔው ምናልባት ከከብቱ መድን ትምህርት መውሰድ ይሆናል። በካሪቢያን ደሴቶች በ2019 እ.ኤ.አ. ለዓሣ ሀብት ዘርፍ የተዘጋጀ መድን ተጀምሯል፤ ሴንት ሉሺያና ግሬናዳ ቀድመው ገብተውበታል። የማዕበልና የዝናብ መጠን ከተወሰነው ሲያልፍ ጀልባው ሳይመረመር ገንዘብ ይለቀቃል፤ አረቦኑ የሚከፈለውም በየአጥማጁ ሳይሆን በመንግሥት በኩል ነው። ለኦሞም የወንዙን ከፍታ መለኪያ መሠረት ያደረገ፣ ክልሉ ወይም አንድ ፕሮጀክት የሚገዛው መድን ቢታሰብ የሚቻል ነገር ነው። እስከዚያው ድረስ አንድ ባለ ጀልባ በነፍስ ወከፍ የጎርፍ መድን ፍለጋ አይድከም። በክረምት ጀልባውን ከፍ ወዳለ ቦታ ማውጣትና ሞተሩን ፈትቶ ቤት ማሳደር ከየትኛውም አረቦን ይረክሳል።

የወረዳው ድርሻ

የወረዳ የእንስሳትና ዓሣ ሀብት ባለሙያ፣ የኅብረት ሥራ ባለሙያና የቀበሌ ሊቀመንበር ሊሠሩት የሚችሉት ነገር አለ፤ ገንዘብ ከመመደብ በፊት የሚመጣ። መጀመሪያ መዝገብ ነው። ስንት ጀልባ አለ፣ የማን ነው፣ ሞተሩ ቁጥሩ ስንት ነው፣ ስንት ሰው ይጭናል? በዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ለንግድ የሚያጠምድ ሰው ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። በውኃ ላይ የሚደረግ መጓጓዣም በ1999 ዓ.ም. ከወጣው አዋጅ ቁጥር 549 ጀምሮ የማሪታይም ባለሥልጣን ሥራ ሆኗል። ፈቃድም ምዝገባም የሌለው ጀልባ የመድን ጥያቄ ሲያቀርብ መጀመሪያ የሚወድቀው በዚህ ነው። ለማኅበራት ጀልባ የሚያከፋፍል ፕሮጀክት ሁሉ ከጀልባው ጋር ደረሰኙን፣ የሞተሩን ቁጥርና በተሳፋሪው ልክ የነፍስ አድን ጃኬት ቢያስረክብ መድን ሰጪውን ከሚያሳምኑት ነገሮች ግማሹ ተሠራ ማለት ነው። ጃኬት በሌለበት መድን መግዛት ደግሞ አሳዛኝ ቀልድ ነው።

ሌላው የርቀት ጉዳይ ነው። አደጋ ሲደርስ ለመድን ሰጪው በውሉ በተጻፈው ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ኦሞራቴ ወይም ካንጋቴን ያለ አጥማጅ ግን ወረቀት ይዞ ጂንካ እስኪደርስ ቀኑ ሊያልፍ ይችላል። ማኅበሩ ሲዋዋል በስልክ የተነገረ እንዲቆጠር፣ የቀበሌና የፖሊስ ማስረጃ ተቀባይነት እንዲኖረው፣ የቅርቡ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ቃሉን እንዲቀበል በውሉ ላይ ቢያስጽፍ ነገ ከሚመጣው ብዙ ጭቅጭቅ ይድናል። ካሳ የከለከሉት ሰው መብቱን በፍርድ ቤት የሚጠይቅበት ጊዜም ሁለት ዓመት ነው፤ ሽማግሌ እየላከ ሦስተኛውን ዓመት የደረሰ ጉዳይ በይርጋ ይዘጋል።

የመክፈያውን ወርም አስቡበት። አረቦን ሳይከፈል ሽፋን አይጀምርም። የዓሣ ገንዘብ ደግሞ እንደ ደመወዝ በየወሩ አይመጣም፤ ጾም ሲገባ ገበያው ይሞቃል፣ ከፋሲካ በኋላ ይቀዘቅዛል። በዐቢይ ጾም የተገኘውን ገንዘብ በማኅበሩ ሒሳብ አስቀምጦ ውሉን ከሰኔ በፊት ማሳደስ የሚቻል ነው። ውሉ በየዓመቱ የሚያልቅበት ቀን ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ከዋለ ግን ውኃው በሚሞላበት ሰሞን ገንዘቡ የለም፤ ያለ ሽፋን የሚሠራባቸው ሳምንታት ከዓመቱ ሁሉ የከፉት ናቸው። ይህን ቀን ለመቀየር ውሉ ሲፈረም መጠየቅ ብቻ ይበቃል።